ከጉምቤራ የመጣው አደንጓሬ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበሩት ጎረቤታችን አርፈው ሠልስታቸው ነው። ከሴቶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ስለ ሟች ደግነት እናወራለን። በሕይወት ሳሉ በውኃ ታንከር ጉዳይ ስንታችንን እንዳሳበዱ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ሞት ሁሉን ደግ ያደርጋል። አንዲት ልጅ ንፍሮ በሰፊ ትሪ ይዛ ዞረች። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ተባረኪ የኔ ልጅ፣ ይቅርብኝ» አልኳት። «ውይ እትዬ፣ ጨጓራ አለብዎት እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ጨጓራ የለብኝም። ድንጋይ ቢሰጡት የሚፈጭ ሆድ ነው የታደልኩት። ንፍሮ አፌ ካላስገባሁ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነኛል፣ በየለቅሶ ቤቱ የምሰጠው ምክንያትም እያለቀብኝ ነው። የዚያን ቀን ትሪው ካለፈ በኋላም እንፋሎቱ አልሄደልኝም። የተቀቀለ አደንጓሬ ለብ ያለ፣ መሬት መሬት የሚል ሽታ አለው። ለቅሶውን ትቼ በሐሳቤ ካዛንቺስ ገባሁ፣ ያውም ዛሬ የሌለው ካዛንቺስ።

ያኔ መንግሥት ተለውጦ፣ ሰዓት እላፊ ቀርቶ፣ ሰው እንደገና ማምሸት የተማረበት ጊዜ ነው። ጣሊያን ለሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ገና በደህናው ቆመው ነበር። ማለቴ ግድግዳቸው ቆሟል፣ ውስጣቸውን ግን አምስት ስድስት ቤተሰብ በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎታል። እኔና እናቴ የያዝነው ክፍል የአንዱ ሹም የእንግዳ መቀበያ ነበር መሰለኝ፣ ጣሪያው ከመራቁ የተነሣ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር መሰላል ከጎረቤት እንለምን ነበር። ጠዋት ቡና ቤቶቹ ደጃቸውን ሲያጥቡ የሳሙናው አረፋ በቁልቁለቱ አብሮኝ ይወርዳል። ጥግ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ አዲስ ካሴት የወጣ ሳምንት አንዱኑ ዘፈን ስለሚደጋግመው ቢሮ የምደርሰው ሳላውቀው እያንጎራጎርኩ ነው። ዳቦ ስሙኒ፣ ሻይ ሠላሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ሲጨመርበት ሰባ አምስት። ውይይት ታክሲ ውስጥ ከማናውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተፋጠን እንሄዳለን፣ ሰላም ሳይባባሉ መውረድ ነውር ነበር። ደምበል የሚባለው ሕንፃ ገና አልታሰበም። ቅዳሜ ከሰዓት ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ኮቴን ደርቤ፣ ፕሊሴ ጉርዴን አስተኩሼ፣ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ ወርጄ እመለሳለሁ። ምንም ልገዛ አይደለም፣ ልታይ ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ ባቡር በድልድይ ላይ ሲያልፍ ሳይ፣ ያቺ ኮት ለባሽ ልጅ ከሥሩ ስትሄድ የምትታየኝ ጊዜ አለ። እሷን ማስቆም ብችል አንድ ነገር ብቻ እነግራታለሁ፦ ወረቀቱን ገልብጪው።

ወደ ወረቀቱ በኋላ እመለሳለሁ። ሥራዬ የሚከተለው ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የጥናት ድርጅት ቪላ ተከራይቶ ከየገጠሩ የሚመጣ ቅጽ የምናነብ ሰዎች ቀጠረ። ድርጅቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘግቷል፣ ስሙን ማንም አያስታውሰውም። ጥናቱ «የትናንሽ መንደሮች ሕዝብና መተዳደሪያ» ይባላል። ገጠር የሚሄዱት አስተማሪዎች ናቸው፣ ክረምት ላይ ቤት ለቤት ዞረው ስንት ሰው እንዳለና በምን እንደሚኖር ይጽፋሉ። እኛ ደግሞ ጠረጴዛችን ላይ ቁጥር የተሞላ መጽሐፍ አለን። «ገበሬ» ካለ ይህን ቁጥር፣ «ነጋዴ» ካለ ያንን ቁጥር እንሰጣለን። ከጎኔ የምትሠራው ሮማን ነበረች፣ ፀጉሯን ፐርም ተሠርታ ሽቅብ የምታቆም፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ። የወር ደመወዝ የወጣ ቀን አብረን ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ሌላውን ሃያ ዘጠኝ ቀን ደግሞ ስለዚያ ማኪያቶ እናወራለን። ቅጾቹ ከየአገሩ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም ነበር። አስተማሪዎቹ ለቢሮ ሠራተኛ ብለው አንዳንዴ ማር፣ አንዳንዴ ቆሎ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሕይወት ያላት ዶሮ ከቅጹ ሳጥን ጋር ልከዋል። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ የመጣው ይበላል።

ከዕለታት አንድ ቀን የጉምቤራ ቅጽ ደረሰ። ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ ካርታ ላይ አትፈልጓት። ወደ ደቡብ፣ መኪና ከሚደርስበት የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ወጥታ የተቀመጠች፣ የራሷ ጎሳና የራሷ ቋንቋ ያላት፣ አርባ ቤት የማይሞላባት መንደር ናት። ቅጾቹ የእንሰት ቅጠልና የጭስ ሽታ ነበራቸው። አስተማሪው እጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ነገር ግን «ሥራ» የሚለው ሣጥን ላይ ሲደርስ ሰውዬው የነገረውን እንዳለ ነው የሚገለብጠው። «እንሰት ትፍቃለች፣ ሸክላም ትሠራለች፣ ሸክላው ሲሰበር ትስቃለች» ይላል አንዱ። «ቀፎ ይሰቅላል፣ ዘንድሮ ንቦቹ ትተውት ሄደዋል» ይላል ሌላው። «የቀርከሃ አጥር ያጥራል፣ የራሱ ቤት ግን አጥር የለውም።» አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነበሩ፣ «ይቀመጣል፣ የተጣላ ይመጣል፣ ይታረቃል» የሚል የተጻፈላቸው። ሮማን ሆዷን ይዛ ሳቀች። መጽሐፋችን ለዚህ ቁጥር አልነበረውም። «በቃ ሥራ ፈት በያቸው» አለችኝ። አልኳቸው። ስማቸው ሄራሞ ነበር። ያን ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው ይህ እጄ ነው።

ከቅጾቹ ጋር አንዲት የጨርቅ ከረጢት አብራ መጥታለች፣ አፏ በቃጫ የታሰረች። ስንፈታት አደንጓሬ ናት። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጥቁር ቀይ ሆኖ ሆዱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ አውራ ጣት የሚያህል። እንዲህ ያማረ እህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ቀኑ ዝናብ ነው፣ መስኮቱን ውኃ እየደበደበው ነው፣ ምሳ አልበላንም። ሮማን «ይቺ የኛ ናት» አለች። የቢሮው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣድናት። ጨው ነስንሰን፣ በጋዜጣ ላይ ዘርግተን፣ ገና እየፋጀን በላን። እኔ ሦስት እፍኝ መብላቴን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ሮማን አራተኛውን ስዘግን እጄን መታችኝና «ሆዳም! ለሌላውም አስቢ!» ብላ ሳቀች። የቀረውን ለሌሎቹ ክፍሎች አዞርነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጋዜጣው ብቻ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን የጉምቤራን ቅጽ ልዘጋ ስል የመጨረሻውን ወረቀት ገለበጥኩት። ከጀርባው አስተማሪው በዚያ በሚያምር ጽሑፉ ማስታወሻ ጽፏል። ቃል በቃል ባይሆንም ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፦ በዚህ አገር ሰውን በጣት መቁጠር ነውር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ለነፍስ ወከፍ አንድ አንድ አደንጓሬ አዋጣ፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም። እኔ ፍሬውን ቆጥሬ፣ ከዚያ በኋላ ስም ጻፍኩ። አለቃዬ ማስረጃ አያይዝ ስላለኝ ከቅጹ ጋር ልኬዋለሁ። ከበልግ በፊት እንዲመለስ ቃል ገብቻለሁ። ከታች ከስሩ አስምሮበት፦ «እነዚህ ፍሬዎች የጉምቤራ ሰዎች ናቸው፣ አደራ።» በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ያሉት ለኔ ነው። ወረቀቱን ይዤ ሮማን ጋ ሄድኩ። አነበበችው። «እንዴ ጥሩዬ፣ አደንጓሬ ነው የበላነው እንጂ ሰው አልበላንም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። የኔ ሳቅ መሐል ላይ ተቋረጠ፣ እሷም አላየችኝም።

ወራት አለፉ፣ ረሳሁት ብዬ ነበር። በልግ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ዘበኛው «ከገጠር የመጡ ሰው አንቺን ይላሉ፣ ማለቴ የጉምቤራን ቅጽ የያዘውን ሰው ይላሉ» አለኝ። ወጣሁ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ በበሩ ጥግ ቆመዋል፣ የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ እግራቸው ላይ የመኪና ጎማ ጫማ። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ሁለት ሦስት ቀለም አለው፣ የመጡበትን አገር ሁሉ ይዘው ነው የመጡት። ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ሄራሞ እባላለሁ። አማርኛ ወታደር ቤት ነው የተማርኩት፣ ካጠፋሁ ይቅር በይኝ» አሉኝ። «ፍሬያችንን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ቁጭ እንዲሉ ወንበር አመጣሁ፣ ሻይ አዘዝኩ፣ ሻይ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። ለምን ራሳቸው እንደመጡ ስጠይቃቸው ነገሩኝ። አስተማሪው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፣ የሚጠየቅ ጠፋ። ፍሬው በበልግ ሲዘራ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ሰው ከተቆጠረ በኋላ ፍሬው ወደ አገሩ መሬት ካልተመለሰ ባለቤቱ እግሩ አይረጋም፣ እንደወጣ ይቀራል። እናቶች በየቀኑ ደጃፋቸው እየመጡ መቼ ነው ይሏቸዋል። «እኔ የማስታርቅ ሰው ነኝ» አሉ፣ «ተቆጠሩ ብዬ ያስማማሁት እኔ ነኝ። መንግሥት ሰው መሆናችሁን ካወቀ ትምህርት ቤት ይሠራል ብዬ ነው። ባዶ እጄን ብመለስ ሰው ምን ይለኛል፣ ልጄ?»

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ተናገሪ የሚል ነገር ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «መጋዘን ነው ያለው አባባ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» የሚል ሆነ። አመስግነውኝ ሄዱ። የት እንደሚያድሩ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። እስከ ዛሬ ይህ ነው ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ።

ከቢሮ በቀጥታ ወደ ጉልት ወረድኩ። ያን ጊዜ ከሰፈራችን በታች እትዬ ዘነበች የሚባሉ እህል ሻጭ ነበሩ፣ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሰው ከርቀት የሚለክፉ። አደንጓሬ ፈለግኩ አልኳቸው። ያላቸው ግን የከተማ አደንጓሬ ነው፣ ነጩ፣ ዝንጉርጉሩ፣ ሐምራዊው የተደባለቀ። ጎንበስ ብዬ ቀይ ቀዩን አንድ በአንድ እለቅም ጀመር። «ምነው ጥሩነሽ፣ ለባል ነው ለወጥ እንዲህ የምትመርጪው?» አሉኝ። ሳቅሁላቸው። ሌሎች ጉልቶችም ዞርኩ። ሆዱ ላይ ነጭ ያለበት አንድም የለም። ቤት ገብቼ እናቴ እያየችኝ መቶ ዘጠና አንድ ፍሬ ቆጠርኩ፣ ቅጹ ላይ ያለው እሱ ነው። ቀይ የሆነው ስልሳ አይሞላም፣ ቀሪውን በሌላው ሞላሁት። ከቢሮ ያመጣኋትን ያቺኑ የጨርቅ ከረጢት፣ ያንኑ ቃጫ ተጠቀምኩ። አስተሳሰሬን ደጋግሜ ፈትቼ አሰርኩት፣ የነሱን ቋጠሮ ግን አልቻልኩበትም።

በማግስቱ ሰጠኋቸው። ከረጢቷን እጃቸው ላይ መዘኗት። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ።

«ሁሉም አለ?» አሉኝ።

«ሁሉም አለ አባባ፣ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት» አልኳቸው።

«ስምሽ ማነው?»

«ጥሩነሽ።»

«እሺ ጥሩነሽ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ከረጢቷን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ወደ መስቀል አደባባይ አቅጣጫ በቁልቁለቱ ወረዱ። ከረጢቷን አልፈቷትም። ተመስገን አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተመስገን ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን እንዴት እንደሄደ እናንተም ታውቁታላችሁ። ድርጅቱ ተዘጋ፣ ቪላው ቁርጥ ቤት ሆነ። ሮማን ቤይሩት ሄደች፣ መጀመሪያ ፎቶ ትልክ ነበር፣ ከዚያ ፎቶውም ቀረ። እናቴ አረፈች። እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቼ ወረቀት ሳገላብጥ አረጀሁ፣ አሁን ግን ሁሉንም ከጀርባው ጀምሬ ነው የማነበው። ማኪያቶው አንድ ብር፣ ሁለት ብር፣ ከዚያም እያልኩ መቁጠሩን ተውኩት። ካሴት ቤቱ ሲዲ ቤት፣ ቀጥሎ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆነ። ስፖንጅ ያለበት ኮቴን ለሰው ሰጠሁት። አንድ ቀን ጫማ የሚጠርግልኝን ጎረምሳ እንዲያው ለወሬ ያህል «አገርህ የት ነው?» አልኩት። «ጉምቤራ» አለኝ። እግሬን ከሣጥኑ ላይ አነሳሁት። «ምነው እትዬ፣ አመመዎት?» አለኝ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሎተሪ አዟሪ፣ ከዚያ የጎረቤታችን ሠራተኛ፣ ከዚያ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ ዘበኛ፣ የፓርኪንግ ልጅ። ሁሉም ጉምቤራ። ሌላው የደቡብ ሰው መርካቶ ሲገባ እነዚህ ካዛንቺስን ነው የሚሉት። ለምን ካዛንቺስ ብዬ ስጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ ይስቃሉ፣ አይነግሩኝም። የሚገርመው ደግሞ አመላቸው ነበር፣ መንገድ ሲሄዱ በየአጥሩ ቀዳዳ ጓሮ ጓሮውን ያያሉ። ጎረቤቶቼ ሌባ ናቸው ይሏቸው ነበር።

እኔ የተማርኩ ሴት ነኝ። መሬት እንደጠበበ፣ እንሰቱን በሽታ እንደጨረሰው፣ ሸክላቸውን ፕላስቲክ ጀሪካን ገበያ እንዳሳጣው ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ሰው የሚሰደደው በዚህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማወቅ ሌላ፣ ሆድ ሌላ። አንዱን ጉምቤሬ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ይሄኛው ከየትኛው እፍኝ ነበር ይለኛል ውስጤ። እግራቸው ያልረጋው በኔ ነው ይለኛል። ለቅሶ ቤት የሚበላ ሰው ሁሉ የሚያኝከው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር፣ «እህል መብላት ኃጢአት አይደለም ልጄ» ብለው አሰናበቱኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ የነገርኳቸው ስለ እህል ነው።

እንግዲህ ሰፈራችን ሊፈርስ ሆነ። በየበሩ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ፣ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰን ዕቃችንን አሰርን፣ ቆርቆሮ የሚያወርዱ የቀን ሠራተኞች ገቡ። የኔ ቤት ወረፋው መጨረሻ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ፎርማኑ ደጃፌ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፣ «ታደለች ሄራሞ!» ሲል ሰማሁ። ወጣሁ። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት የሚሆናት፣ ሻሿ ላይ የኖራ አቧራ የተነሰነሰባት፣ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ «አቤት» አለች። ዕረፍት ሲወጡ ውኃ ይዤላት ሄድኩ።

«አባትሽ የጉምቤራው አቶ ሄራሞ ናቸው?» አልኳት።

«እርስዎ አባቴን ከየት ያውቁታል?»

«እዚህ ቆጠራ ቢሮ እሠራ ነበር፣ የዛሬ ሃያ ዓመት። አሉ?»

«አርፏል እማማ፣ አምስት ዓመቱ።» ይህን ስትል ፊቷ አልከፋም፣ ይልቅ በራ። ብርጭቆውን አስቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ። «የዚያ ቢሮ ነዎት? ታዲያ እርስዎ ያውቃሉ ማለት ነዋ! የት ጋ ነው የተዘራው?»

«ምኑ?»

«ፍሬያችን ነዋ!»

እሷ ናት የነገረችኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች። አባቷ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። እሳቸውም ለአገሩ ሰው እንዲህ አሉ፦ «ዘግይቼ ደረስኩ። ልጆቹ ደጎች ናቸው። እንዳይነቅዝ ብለው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ዘርተውልን አገኘሁ። ካዛንቺስ የሚባል አገር ነው። የኛ ዘር እዚያ አለ።» ሰው እልል አለ፣ ከብት ታረደ። ከዚያ ወዲያ ልጅ አድጎ መሬት ሲያጣ ወዴት ይሂድ? ፍሬው ወደ ተዘራበት ነዋ። «እኔም መጀመሪያ ስመጣ አንድ ወር ሙሉ በየአጥሩ እያየሁ አደንጓሬ ፈልጌያለሁ» ብላ ሳቀች። «አባቴን የት ጋ እንደሆነ ስንጠይቀው፣ እሷ ታውቃለች፣ ጥሩነሽ የምትባል አለች ይለን ነበር።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሽማግሌው ያን ከረጢት መንገድ ላይ ፈትተውታል ማለት ነው። ምናልባት ከረጢቷን ገና እጃቸው ላይ ሲመዝኗት አውቀዋል። የሰጠኋቸውን ዝንጉርጉር እህል የት እንደጣሉት አላውቅም። የሰው ልብ እንዳይሰበር ብለው የኔን ውሸት በራሳቸው ውሸት ሸፈኑት፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ብቻቸውን ይዘውት ኖሩ፣ ይዘውት ሞቱ። እኔ በቁጥር ሥራ ፈት ብዬ የጻፍኳቸው ሰውዬ።

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «ነይ» አልኳትና ቪላው ወደነበረበት ወሰድኳት፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ቁርጥ ቤቱም ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ውስጡ ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ ገደል ሆኗል። አጥሩን ተደግፌ ነገርኳት። ዝናቡን፣ ምድጃውን፣ ጋዜጣውን፣ ያልገለበጥኩትን ወረቀት፣ ከጉልት የለቀምኩትን። «አልተዘራም ታደለች። በልተነዋል።»

መኪና አለፈ፣ ሌላ መኪና አለፈ።

«የኔም ነበረች?» አለችኝ። «ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«ሁላችሁም ነበራችሁ።»

«ጣፍጦ ነበር?»

መሳደብ፣ መምታት፣ ማልቀስ፣ ሁሉን ጠብቄ ነበር፣ ይህን አልጠበቅሁም። እንደገና ልዋሻት አልቻልኩም። «አዎ፣ ጣፍጦ ነበር» አልኳት፣ እንባዬ ወረደ። እሷ አላለቀሰችም። ሻሿን ፈትታ አቧራውን አራገፈች፣ መልሳ አሰረች፣ የሠራተኛ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። «ለኔ ነገሩኝ፣ ይሁን» አለች። «ለሌሎቹ ግን አይንገሩብኝ። እዚህ ያለነው ሁሉ፣ አፈር ተሸክመን፣ ላስቲክ ቤት አድረን፣ የምንችለው ተዘርተናል ብለን ነው። ይህን ከወሰዱብን እዚህ ምን አለን?»

እሑድ ረፋድ ላይ ወንድሟን ይዛ መጣች። ላምቦሬ ይባላል፣ ደምበል አካባቢ ያለ ሕንፃ ዘበኛ ነው። ለኔ ብሎ የተተኮሰ ሱፍ ለብሷል፣ እጅጌው ያጥረዋል። ጥሩነሽ መገኘቷን እኅቱ ከነገረችው ወዲህ እንቅልፍ አላገኘሁም አለኝ። ቦታውን እንዳሳየው ለመነኝ። ሦስታችን ሄድን። ታደለች ከኋላው ናት፣ የምታየው አፌን ነው። ላምቦሬ በቆርቆሮው ክፍተት ዓይኑን አስጠግቶ ወደ ጉድጓዱ አየ፣ ከታች ብረት ቆሟል፣ ውኃ አቁሯል።

«እዚህ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ ነው፣ ልጄ።»

«በቅሎ ነበር?»

ታደለች ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። እኔም እድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት ይቅርታ ለኔ እንዳልተዘጋጀ ያኔ ገባኝ፣ አባቷ የተሸከሙትን ተረክቤ ልሸከም ነው።

«በቅሏል» አልኩት። «መቶ ዘጠና አንዱም በቅሏል፣ አንድም የቀረ የለም።»

ላምቦሬ ኮፍያውን አወለቀ። ወደ እኔ ዞረ፣ ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ እናቱ እጅ ጎንበስ ብሎ ሳማት። የበላሁባትን እጄን ነው የሳማት።